ጅብ ከሄደ የሚጠራ ጠበቃ

የደሴን ገበያ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። ደላላው ሻጭና ገዢን ቡና ቤት ያገናኛል፤ ሁለት ሦስት ሲኒ ይጠጣል፤ ዋጋ ይቆረጣል፤ ቀብድ ይቆጠራል። ከደብተር በተቀደደች አንዲት ቅጠል ላይ ሁለት መስመር ይጻፍና "አላህ ያሳምረው"፣ "እግዜር ይባርከው" ተባብሎ ይለያያል። የሚሊዮን ብር ሸቀጥ የሚያንቀሳቅሰው ውል ይኸው ነው።

ጠበቃ የሚታወሰው ከዚህ በኋላ፣ ያውም ዕቃው ከቀረና ስልክ መነሳቱ ካቆመ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ይህ ጸሐፊ የሚከራከረው ነጋዴው ለጠበቃ ገንዘብ መክፈል ያለበት ሲጣላ ሳይሆን ሲዋዋል ነው በማለት ነው። ምክንያቱን በብርና በሳንቲም እናስላው።

ቀብድ ማንን ያስራል?

ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ኩታበር 400 ኩንታል ባቄላ ሊገዛ የተዋዋለ የኮምቦልቻ ነጋዴ አለ እንበል። ለስሌት እንዲያመቸን የኩንታሉን ዋጋ 6,000 ብር እናድርገው፤ ጠቅላላው 2,400,000 ብር ይሆናል። ገዢው 300,000 ብር ቀብድ ከፈለ። ርክክቡ ሳይደርስ ዋጋው ሽቅብ ወጣና ኩንታሉ 7,000 ብር ገባ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 ስለ ቀብድ ምን ይላል? ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ የተቀበለም እጥፉን መልሶ ሊያፈርስ ይችላል። እንግዲህ ሻጩ 600,000 ብር ቢመልስ ከኪሱ የሚወጣው 300,000 ብር ብቻ ነው፤ የቀረው የገዢው የራሱ ገንዘብ ነውና። ባቄላውን ለሌላ ገዢ ቢሸጥ ደግሞ 400,000 ብር ተጨማሪ ያገኛል። ቃሉን አጥፎ 100,000 ብር ያተርፋል ማለት ነው፤ ያውም ሕግ ሳይጥስ! በዚህ ስሌት መሠረት ዋጋው በኩንታል ከ750 ብር በላይ በጨመረ ጊዜ ሁሉ ውሉን ማፍረስ ያዋጣል።

አብዛኛው ነጋዴ ቀብድን እንደ ማሰሪያ ገመድ ያየዋል። ሕጉ ግን ዝም ከተባለ ቀብዱን የመውጫ በር ዋጋ አድርጎ ያየዋል። ልዩነቱ ያለው "ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር" በምትለዋ ሐረግ ውስጥ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ጠበቃ ከውሉ ላይ "ይህ ቀብድ የዋጋው አካል ነው እንጂ ውሉን የማፍረስ መብት ለማንም አይሰጥም" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር በሩ ይዘጋል። ለዘገየ ለእያንዳንዱ ቀን የሚከፈል መቀጫም ቢያክልበት ቃል ማጠፍ ኪሣራ እንጂ ትርፍ አይሆንም። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ለጠበቃው የሚከፈለው ምን ያህል ነው?

ዋጋ ናረ ብሎ መሸሽ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ይታወሳል። እስከዚያ ድረስ በባንክ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ ቀን በፊት በብር ቆርጦ ብረት፣ መለዋወጫ ወይም ኬሚካል ለማቅረብ የተዋዋለ ሰው "ዋጋው ስለተለወጠ ውሉ ቀርቷል" ቢል ያስኬደዋልን?

ሕጉ ፈርጠም ያለ ነው። በአንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል። አንቀጽ 1764 ደግሞ ግዴታው ከታሰበው በላይ ስለከበደ ብቻ ውሉ እንደማይቀር ይደነግጋል። አንቀጽ 1794 ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመሩ ወይም መቀነሱ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። አቅራቢው ሊድን የሚችለው "ምንዛሪው ከዚህን ያህል በመቶ በላይ ከተለወጠ ዋጋው በዚህ ቀመር ይስተካከላል" የሚል አንቀጽ አስቀድሞ አስገብቶ ከሆነ ነው። ገዢውም ቢሆን ዕቃው ጨርሶ ከሚቀርበት በመጠኑ ጨምሮ ቢያገኝ ሳይሻለው አይቀርም። ይህን አስቦ ለማስገባት ጠበቃው ድርድሩ ላይ መገኘት አለበት፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሊያደርግ የሚችለው ጥቂት ነው።

የጦርነቱም ትምህርት ከዚህ የራቀ አይደለም። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደሴና ኮምቦልቻ ከመንግሥት እጅ ወጥተው እስከ ኅዳር ማብቂያ በቆዩበት ጊዜ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል። የተሸጠ ነገር ግን ያልተረከቡት ዕቃ በመጋዘን ውስጥ ሲዘረፍ ኪሣራው የማን ነው? ጦርነት ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ሊባል ይችላል፤ ሆኖም አንቀጽ 1792 የሚጠይቀው ችግሩ አስቀድሞ የማይገመትና ግዴታውን ለመፈጸም ፍጹም የሚከለክል እንዲሆን ነው። ርክክቡ የት፣ መቼና በምን ሰነድ እንደሚፈጸም ያልጻፈ ውል ይህን ጥያቄ ለክርክር ጥሎት ይሄዳል።

የፎርም ነገር

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶች። ሁሉም ውል በጽሑፍ ይሁን ባይባልም፣ ሕግ በጽሑፍ ይሁን ያለው ውል ተዋዋዮቹ እንዲፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች እንዲያረጋግጡት አንቀጽ 1727 ያዛል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። ዛሬ በ500 ብር ምን እንደሚገዛ ለአንባቢ እንተወው። በመተማመን ብቻ መቶ ሺህ ብር የሚያበድረው ነጋዴ በሕግ ዓይን ምን ያህል ራቁቱን እንደቆመ ግን ልብ ይሏል።

ቤት ወይም መጋዘን የሚገዛ ሰው ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ በአንቀጽ 1723 መሠረት በፍርድ ቤት ወይም በሚመለከተው ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ያልተደረገን የቤት ሽያጭ ውል የማይጸና ነው ብሎታል። ጉዳዩ ከዚያም ወዲህ ሲያከራክር ቆይቷል። ለአንድ ቀን ድካም ሲባል የዕድሜ ልክ ጥሪትን የክርክር ርእስ ማድረግ ግን ከነጋዴ አይጠበቅም።

ጊዜ ለማን ይሠራል?

"ፍርድ ቤት አለ አይደል?" የሚል ይኖር ይሆናል። አለ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ያወጣ በነበረው የንግድ ሥራ ምቹነት ሪፖርት በኢትዮጵያ አንድ የንግድ ውል በፍርድ ቤት ለማስፈጸም 530 ቀናት እንደሚፈጅ ተገምቶ ነበር። ሪፖርቱ በመረጃ አያያዝ ጉድለት ምክንያት በ2021 ቢቋረጥም፣ ችሎት ደጅ የጠና ሁሉ ቁጥሩን ብዙም የሚክደው አይመስልም።

ሕጉ ለዘገየ ገንዘብ የሚያስበው ወለድ፣ ተዋዋዮቹ ከዚያ በላይ ካልተስማሙ፣ በዓመት 9 በመቶ ነው። የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር እናስታውስ። በ9 በመቶ ወለድ ዕዳ ይዞ የሚከራከር ባለዕዳ በርካሽ ብድር ነገደ ማለት ነው፤ ተሸንፎም አትራፊ ነው። ባለገንዘቡ ግን ረትቶ ከስሮ ይመለሳል። በውሉ ላይ የሚጻፍ መቀጫ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በማስፈጸምም በኩል ቢሆን ቀደም ብሎ የተያዘ ጠበቃ ጥቅሙ ብዙ ነው። ሕጉ በአብዛኛው ባለዕዳው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ይፈልጋል። ይህን የማያውቅ ነጋዴ ለወራት በስልክ ሲለማመጥ ይቆይና አንዲት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቅጂ እንኳ ሳይኖረው ክስ ይመሠርታል። የገንዘቡ ልክ በውልና በፊርማ የታወቀ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 በአጭር ሥነ ሥርዓት መክሰስ ይቻላል። ባለዕዳው ንብረት እያሸሸ ከሆነም ከፍርድ በፊት ማስያዝ የሚቻልበት መንገድ አለ። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት ግን ወረቀቱ ቀድሞ በሚገባ ከተሰናዳ ነው።

"እኛ ወሎዬዎች በሽማግሌ ነው"

በዚህ አገር የሚቀርበው ትልቁ ተቃውሞ ይህ ነው፤ ክብደትም አለው። በአበጋርና በሽማግሌ የሚታረቅ ሕዝብ መካከል ጠበቃ ይዞ መምጣት አለማመን ይመስላል። በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ የተባለውም በከንቱ አይደለም። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ገበያ እየተገናኙ ሲነግዱ ስም ራሱ ዋስ ነበር፤ ቃሉን ያጠፈ በሚቀጥለው ገበያ ፊቱን የት ያስገባል? ዛሬ ግን የኩታበር ባቄላ ገዢው ከአዲስ አበባ በስልክ የሚያዝ፣ ሻጩም አይቶት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ዳር ላይ ያለን ሰው ስም ብቻውን አያስረውም።

ደግሞስ ሽማግሌና ጠበቃ ለምን ይጣላሉ? በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237 ተዋዋዮች ጉዳያቸውን በግልግል ወይም በዕርቅ እንዲጨርሱ በሰፊው ፈቅዷል። ጠበቃው በውሉ ላይ "አለመግባባት ቢነሳ አስቀድሞ በእነ እገሌ ሽምግልና፣ በዚህን ያህል ቀን ካልተፈታ በዚህ ቦታ በግልግል ዳኝነት" ብሎ ቢጽፍ ሽምግልናውን አጠነከረው እንጂ አላፈረሰውም።

ጠበቆችም ቢሆኑ ከነቀፋ አያመልጡም። ቀጠሮ በበዛ ቁጥር ገቢው የሚበዛለት ጠበቃ ጠብ እንዲበርድ አይቸኩልም። ስለዚህ ነጋዴው የጥብቅና ውሉንም ቢሆን በጽሑፍ ያድርገው፤ ለማርቀቅና ለመደራደር የሚከፈለውን ለክርክር ከሚከፈለው ለይቶ ቁርጥ ዋጋ ይነጋገር። ፈቃዱ በክልሉ ፍርድ ቤቶች ነው ወይስ በፌዴራል የሚያሠራው ብሎ ይጠይቅ። ከሻጩም ከገዢውም አበል የሚቀበል አንድ ጠበቃ ለሁለቱም አይሆንም። ዋጋ፣ ጥራትና የርክክብ ቀን መቁረጥ ግን የነጋዴው የራሱ ሥራ ነው፤ ገበያውን የሚያውቀው እሱ ነውና።

አቅሙ ያልፈቀደ ትንሽ ነጋዴስ? የደሴና የኮምቦልቻ የንግድ ምክር ቤቶች ለእህል፣ ለከብትና ለትራንስፖርት የሚሆኑ የውል ናሙናዎች በጠበቃ አስረቅቀው ለአባሎቻቸው ቢያድሉ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚያማክር ባለሙያ በጋራ ቢቀጥሩ፣ ወጪው ለመቶ ሰው ሲከፈል ከአንድ ኩንታል ባቄላ ዋጋ የሚበልጥ አይመስለንም። ደላሎችም ቢሆኑ ናሙናውን በኪሳቸው ይዘው ቢዞሩ ኮሚሽናቸው አይቀርም፤ ይልቁንም የፈረሰ ውል ኮሚሽን ሲያስመልስ ያዩ ያውቁታል።

የሁለት መስመር ቅጠሏ የቆየችው ገበያው ጠባብ በነበረበት ዘመን ስለሠራች ነው። ዛሬ ሸቀጡ በመኪና፣ ገንዘቡ በስልክ ሆኗል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል ለነጋዴ የተነገረ ይመስላል፤ ቅጠሏ ግን ከደብተር የተቀደደችው መሆን የለባትም።