«አንድ አሮጌ ወንበር» ተብሎ ስለሚጻፈው የቤት ዕቃ

ሰው ሲሞት ሀብቱ ይቈጠራል። መሬቱ፣ ከብቱ፣ እህሉና ቤቱ በየተራው ተጽፎ ካለቀ በኋላ በመጨረሻ የቤት ዕቃው ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ጸሐፊውም ደክሞት ወራሾቹም ቸኩለው ስለሚገኙ፣ የመዝገቡ ጫፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «አንድ አሮጌ አልጋ፣ አንድ አሮጌ ሣጥን፣ አንድ አሮጌ ወንበር» ይላል። እኛም በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ስንኖር ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ጽፈነዋል። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጽ ያሰብነው፣ ይህ አጭር ቃል ምን ያህል ሀብት እንደሚያጠፋ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በፎገራ፣ በቁሐር ሚካኤል አጥቢያ፣ አንድ ሽማግሌ ዐርፈው ልጆቻቸው ውርስ ሲካፈሉ መዝገቡን የጻፍን እኛ ነበርን። በጓዳው ውስጥ ከዋንዛ የተሠራ፣ መደገፊያ ያለው፣ መቀመጫው በጠፍር የተጠለፈ ወንበር ተገኘ። ከጠፍሩ ጥቂቱ ተበጥሷል፤ አንዱን እግሩንም ምስጥ ነክቶታል። ስለዚህ «አንድ አሮጌ ወንበር፣ ጠፍሩ የተበጠሰ፣ ዋጋ የሌለው» ብለን ጻፍን። ወራሾቹም መዝገቡን አምነው፣ ከተሰበረ ድስትና ከአሮጌ ቆርቆሮ ጋራ ለቁራሌው ሸጡት።

ወር ሳይሞላ የሟቹ ባለቤት ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጡ። «ልጄ፣ የመሬቱን አዋሳኝ በአራቱም ማዕዘን ጽፈሃል፤ ወንበሩ የማን እንደ ሆነ ግን ለምን ሳትጽፍ ቀረህ? የልጆቼ አባት አጥቢያ ዳኛ በነበሩ ጊዜ በዚያ ተቀምጠው ስንቱን ሰው አስታርቀዋል» አሉን። የሠሪውን ስም፣ ዋንዛው ከየትኛው ማሳ ዳር እንደ ተቈረጠ፣ ጠፍሩም ከየትኛው በሬ ቆዳ እንደ ወጣ ሳይቀር ነገሩን። ወንበሩ ግን ወደ ባሕር ዳር ተጭኖ ሄዶ ነበርና ብናስፈልገው አልተገኘም። ጥፋቱ የእኛ ነበረ፤ ዋጋ የሌለው ያደረገው ምስጡ ሳይሆን የእኛ ብዕር ነውና።

ነገሩን በሌላ አገር ልማድ ብናመዛዝነው ይበልጥ ይገለጣል። በአውሮፓና በአሜሪካ፣ በሃያኛው መቶ ዓመት የታወቁ ባለሙያዎች ንድፍ ያወጡላቸውን ወንበሮችና ጠረጴዛዎች መሰብሰብ ትልቅ ሥራ ሆኗል። ማርሴል ብሮየር የሚባለው ባለሙያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1925 ከታጠፈ የብረት ቧንቧ ያወጣው ወንበር ዛሬ በቤተ መዘክር ይታያል። ሰብሳቢው የሚገዛው እንጨቱንና ብረቱን ብቻ አይደለም፤ ማን እንዳሰበው፣ የት እንደ ተሠራና በማን ቤት እንደ ኖረ የሚያስረዳውን ታሪክ ጭምር ነው። ታሪኩ የጠፋበት ዕቃ ዋጋው ይወርዳል።

ይልቁንም ለመንግሥት ሠራተኞች ትምህርት የሚሆነው በህንድ አገር፣ በቻንዲጋር ከተማ የሆነው ነገር ነው። ይህች ከተማ በዚያው አቈጣጠር በ1950ዎቹ ስትሠራ፣ ፕላኗን ያወጣው የለ ኮርቡዝየ ዘመድ ፒየር ዣንሬ ለመሥሪያ ቤቶቿ የሚሆነውን ወንበርና ጠረጴዛ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋራ ሆኖ አሰበ፤ የአገሩም አናጢዎች ከቲክ እንጨትና ከተጠለፈ ቀጭን ሸምበቆ በብዛት ሠሩት። ዓመታት ሲያልፉ ወንበሮቹ አረጁ ተብለው በየመሥሪያ ቤቱ ሰገነትና ጓሮ ተከመሩ፤ እንደ ማገዶ እንጨትም ተቈጥረው በጨረታ በርካሽ ተሸጡ። የውጭ አገር ነጋዴዎች ግን ምንነታቸውን ዐውቀው ገዙአቸው፤ አድሰውም በባሕር ማዶ እጅግ ከፍ ባለ ዋጋ ሸጧቸው። የህንድ መንግሥት እንዳይሸጡና ከአገር እንዳይወጡ በ2011 ትእዛዝ የሰጠው ብዙው ካመለጠ በኋላ ነው። ከዚህ ሁሉ እኛን ያስደነቀን አንድ ነገር ነው፤ በብዙዎቹ ወንበሮች ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስምና የንብረት ቍጥር በቀለም ተጽፎ ይገኛል፤ ዛሬ ገዢው አስቀድሞ የሚፈልገው ይህን ጽሕፈት ነው። ንብረት እንዳይጠፋ ብሎ ቍጥሩን የጻፈው ስሙ ያልታወቀ ጸሐፊ ለዕቃው ምስክር ሆኖ ቆመለት።

በአገራችንም መልካም ምሳሌ አለ። አርቱሮ መዜዲሚ የሚባለው ኢጣሊያዊ አርክቴክት ፕላኑን ያወጣለት፣ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌም በመስተዋት ሥዕል ያስጌጡት የአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተፈረመው በዚሁ ቤት ነው። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ሲከፈት፣ የቀድሞው የቤት ዕቃ አሮጌ ነው ተብሎ አልተጣለም፤ መጠገን የሚገባው እየተጠገነ ወደ ስፍራው ተመለሰ።

«ይህ የነገሥታትና የመንግሥታት ዕቃ ነው፤ የወረታው ዋንዛ ከዚህ ጋራ ምን አለው?» የሚል አይጠፋም። ልዩነቱ ግን ያንዱ ሠሪ ስም ተጽፎ መኖሩ፣ የሌላው ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው የሚወጡት ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማዎች በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋሉ፤ የጠራቢዎቹ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ አብሮ አይሄድም። የፎገራም አናጢ እንጨትን ከእንጨት ያለ ምስማር ያጋጥም፣ ቆዳውንም በርጥቡ ወጥሮ ሲደርቅ ራሱ እንጨቱን አጥብቆ እንዲይዝ ያደርግ ነበር። ይህ ዕውቀት በመሆኑ ስም ይገባዋል።

ስለዚህ ለባለቤቶችና ለእመቤቶች የምንመክረው ይህን ነው። አስቀድሞ ሽማግሎቹ በሕይወት ሳሉ የሠሪውን ስም፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዘመንና ማን ይቀመጥበት እንደ ነበር ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ወረቀቱንም ከዕቃው ፎቶግራፍ ጋራ አኑሩ። ጢስና የሰው እጅ ብዙ ዓመት ያጠቈረውን ገጽ በሻካራ ወረቀት ፍቃችሁ በቫርኒሽ አታብለጭልጩት፤ የዘመኑ ምስክር እርሱ ነውና። ርብና ጉማራ በሚሞሉበት በፎገራ ክረምት የቤቱ ወለል ስለሚርስ፣ ከየእግሩ በታች ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ፤ ከግድግዳውም ጥቂት አርቁት፤ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ በጠራራ ፀሐይ አታድርቁት። ጠፍሩ ቢበጠስ በናይሎን ገመድና በምስማር ከመጠገን፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ በጠፍር አስጠልፉት። የምትገዙም ብትሆኑ ወንበሩን ገልብጣችሁ ከበታቹ እዩ፤ በእውነት ያረጀው የሚያልቀው እጅና እግር በሚነካው ስፍራ ነው፤ በጥላሸት ያረጀ የተደረገው ግን ሁለንተናው እኩል ይጠቍራል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቍጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑንም አትርሱ።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ሹማምንት ደግሞ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤት የሚወገደው ንብረት ዝርዝር ለፊርማ ሲቀርብላችሁ፣ «አሮጌ» ከሚለው ቃል በስተጀርባ ምን እንዳለ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

እኛ ከዚያ ወዲህ ውርስ ስንጽፍ ለየዕቃው አንድ መስመር እንጨምራለን። በቅርቡ በዚያው አገር በሌላ ቤት አንድ በርጩማ አግኝተን፣ ማን እንደ ጠረበውና እናቲቱ በእርሱ ላይ ተቀምጠው ስንት ዓመት እንደ ፈተሉ ጻፍን። መዝገቡ ሲነበብ ቀድሞ ማንም ዘወር ብሎ ያላየውን በርጩማ አራቱም ልጆች «ለእኔ ይገባል» ብለው ተከራከሩ፤ ክርክሩም ከእርሻው ክፍያ ይልቅ ረዘመ። እኛም ጠብ የጫርን መስሎን ደንግጠን ነበር። በመጨረሻ ታላቅየው፣ በርጩማው እናታቸው ባሉበት ቤት እንዲኖር፣ ከአራቱም አንዱ ብቻውን እንዳይሸጠው ቃል አስገባቸው፤ ይህንንም ከመዝገቡ ግርጌ ጽፈን ሁሉም ፈረሙበት።