አዳራሹ ሲዘጋ ጥያቄውን ማን ይጠይቅ?

በቪዲዮ ጨዋታ ንግድ ትልቅ ስም የነበረው ኢ-ስሪ የተባለው የንግድ ትርኢት ለዘለቄታው መዘጋቱ በዲሴምበር 12 ቀን 2023 በይፋ ተነገረ። ትርኢቱ ከ1995 ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ይካሄድ ነበር። ጉዳዩ የልጆች ጨዋታ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ልጁ የሚጫወትበትን መሣሪያ የሚገዛው ወላጅ ስለሆነ ነገሩ የቤተሰብን ኪስ ይነካል።

ትርኢቱ እንዴት ይሠራ እንደነበር ባጭሩ ላስረዳ። ተፎካካሪ ኩባንያዎች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሳምንት ይሰበሰባሉ። ጋዜጠኞችና ባለ ሱቆች እየተዘዋወሩ ዕቃውን በእጃቸው ይሞክራሉ፤ ይጠይቃሉ፤ ያወዳድራሉ። በመጀመሪያው ትርኢት፣ በሜይ 1995፣ ሴጋ አዲሱን መሣሪያውን በ399 ዶላር እንደሚሸጥ አስታወቀ። በዚያው ቀን የሶኒ ተወካይ መድረክ ላይ ወጥቶ «299» ብሎ ቁጥሩን ብቻ ተናግሮ ወረደ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ገዢው የሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን አየ ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው የ2013 ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን የተባለው መሣሪያው በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር እንዲገናኝ፣ ያገለገለ ጨዋታ መሸጥና ማዋስም ገደብ እንዲኖረው አቅዶ ነበር። ጁን 10 ቀን ሶኒ በትርኢቱ ላይ እንዲህ ያለ ገደብ እንደማያደርግ፣ ዋጋውም ከማይክሮሶፍት በ100 ዶላር ያነሰ መሆኑን ሲናገር ሕዝቡ በጩኸት ደገፈው። ቁጣው በኢንተርኔትም በረታ። ጁን 19 ቀን ማይክሮሶፍት ዕቅዱን ሰረዘ። ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው የፈጀው።

ታዲያ ኩባንያዎቹ ይህን መድረክ ለምን ተዉት? መንገዱን የከፈተው ኒንቴንዶ ነው። በ2011 «ኒንቴንዶ ዳይሬክት» የተባለ የራሱን የኢንተርኔት ሥርጭት ጀመረ፤ በ2013 ደግሞ በኢ-ስሪ ታላቁን የመድረክ ዝግጅቱን አቆመ። ሶኒ በ2019 ከትርኢቱ ቀርቶ በዚያው ዓመት የራሱን ሥርጭት ጀመረ። በ2020 ኮሮና መጣና አዳራሹ ተዘጋ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መድረክ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ዕቃው ሳይደርስ እንኳ ቀኑን ጠብቆ መቅረብ ግድ ይላል፤ ተፎካካሪ በዚያው ቀን ሊያሳፍር ይችላል። አስቀድሞ የተቀረጸ ፊልም ግን አይሳሳትም፤ ማንም አያቋርጠውም።

ለውጡ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ድሮ አብዛኛው ሰው አዳራሹ ውስጥ አይገባም ነበር፤ ዛሬ ሁሉም በቤቱ ሆኖ እኩል ያያል። መድረኩም ቢሆን ከማታለል የጸዳ አልነበረም። ሶኒ በ2005 ያሳየው የአንድ የጦርነት ጨዋታ ፊልም ለማሳያ ተብሎ የተሠራ እንጂ ከጨዋታው የተወሰደ አልነበረም። በጀርመን፣ በኮሎኝ ከተማ የሚካሄደው ጌምስኮም ደግሞ ዛሬም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጎብኚዎችን ይቀበላል፤ ትርኢት ሁሉ ጠፍቷል ማለት አይቻልም።

የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ ተፎካካሪዎች ጎን ለጎን ቆመው ጠያቂ ፊት የሚቀርቡበት ቀን። ለዚህ የኤፕሪል 2 ቀን 2025 ምሳሌ ይበቃል። ኒንቴንዶ ስዊች 2 የተባለውን መሣሪያ አንድ ሰዓት ያህል በፈጀ ሥርጭት አስተዋወቀ፤ በሥርጭቱ ውስጥ ግን ዋጋውን አልተናገረም። ተመልካቹ 450 ዶላር መሆኑን ያወቀው ከሌላ ቦታ ነው። በማግስቱ በነበረው የቀጥታ ሥርጭት ተመልካቾች «ዋጋ ቀንሱ» እያሉ ደጋግመው ጻፉ፤ ጽሑፉም እንደ ጎርፍ አለፈ። መሣሪያው በአሜሪካ በዚያው ዋጋ በጁን 5 ገበያ ላይ ዋለ፤ በአራት ቀን ውስጥም ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ገዢው ራሱ እየተሰለፈ ሻጩ ለምን ዋጋ ይቀንሳል የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነትም አለው። ነገር ግን ሰው አስቦ የሚገዛው አወዳድሮ ሲያይ ነው፤ ማወዳደሪያው ቦታ ደግሞ ተዘግቷል።

እኔ በሶሻል ሠራተኛነቴ ነገሩን የማየው ከወላጅ በኩል ነው። ማስታወቂያው ዛሬ በጋዜጠኛ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ልጁ እጅ ባለው ስልክ ላይ ይደርሳል። ልጁ ከአባቱና ከእናቱ አስቀድሞ ሰምቶ፣ ወስኖ ይመጣል። በታሽሉሚም የሚከፍለው ወላጅ ግን ምን እንደሚገዛ አያውቅም። በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ በአሜሪካ 700 ዶላር ገደማ ሲሸጥ ዲስክ ማጫወቻ አልነበረውም፤ ማጫወቻው ለብቻው ይገዛል። ያለ እሱ ያገለገለ ዲስክ በርካሽ መግዛት፣ ከዘመድ ልጅ መዋስ፣ ሲሰለች መሸጥ አይቻልም። ብዙ ልጆች ላሉት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ በአዳራሹ ይጠየቅ የነበረው አሁን በሱቁ መደርደሪያ ፊት ይጠየቅ። መሣሪያው ዲስክ ይቀበላል? ከእሱ ጋር የግድ የሚገዛ ሌላ ምን አለ? አንድ ጨዋታ ስንት ነው? በየወሩ የሚከፈል ነገር አለው? የሌላው ኩባንያ መሣሪያስ? ቋንቋ የሚያስቸግረው ወላጅ ልጁን ይዞ ይሂድ፤ ልጁ ራሱ ያስተርጉም። እየጠየቀ ሲያስተረጉም ልጁም አብሮ ይማራል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ከመክፈል መጠየቅ ይቅደም።