የቆሰለው ወታደር አበልና በቦሦር ወንዝ የተደነገገው ሥርዓት



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ በአብያተ ክርስቲያናችን ብዙም አይነሣም። ጥያቄው ይህ ነው፦ በግዳጅ ላይ ቆስሎ ወይም ታሞ ለውጊያ ብቁ አይደለም የተባለ ወታደር፣ ከደመወዙ በላይ ይከፈለው የነበረው አበል ሊቋረጥበት ይገባልን? ይህ የመከላከያና የጡረታ መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ እንጂ የምእመናን አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በለገዳዲ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምታመልኩ ወገኖች እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። የቤት ኪራዩ ከመሐል ከተማው ይሻላል ብለው ከመጡት፣ በፋብሪካና በመጋዘን በር በጥበቃ ሥራ ከሚያድሩት፣ እሑድ ጠዋት ክራንቻቸውን ግድግዳ አስደግፈው ከኋላ ወንበር ከሚቀመጡት መካከል ትናንት ወታደር የነበሩ አሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የጎረቤታችን ጉዳይ ነው።

ክፍያው እንዴት ይሠራል?

የወታደር ገቢ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው መደበኛ ደመወዙ ሲሆን ሁለተኛው እንደ ቦታውና እንደ ግዳጁ የሚታሰበው አበል ነው። አበል በባሕርዩ ለሰውየው ሳይሆን ለቦታውና ለሥራው የሚከፈል ነው። በረሃ ላይ ላለ ይከፈላል፤ ከበረሃው ሲነሣ ይቀራል። ይህ አሠራር በጤናማ ሰው ላይ ሲሆን ማንም አይቃወመውም። ችግሩ የሚመጣው ከቦታው ያነሣው ዝውውር ሳይሆን ጥይት ወይም ፈንጂ ሲሆን ነው። ወታደሩ ሆስፒታል ሲገባ፣ ከዚያም በሕክምና ቦርድ ታይቶ ወደ ቀላል ሥራ ሲመደብ ወይም ሲሰናበት፣ የቤተሰቡ ወጪ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የጡረታ ሕጉም መነሻው ደመወዝ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ደመወዝን በመደበኛ የሥራ ሰዓት ለሚሰጥ አገልግሎት የሚከፈል ወርኃዊ ክፍያ ብሎ ስለሚተረጉመው፣ አበል በስሌቱ ውስጥ አይገባም። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ለዘለቄታው መሥራት ለማይችል ሰው ደግሞ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ባለው ወር ይከፈለው ከነበረው ደመወዝ 47 በመቶ እንዲታሰብለት ደነገገ። ይህ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ቢተካም የስሌቱ መነሻ ያው ደመወዝ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው። ደመወዙ 4,000 ብር፣ የግዳጅ አበሉ 2,000 ብር የሆነና አገልግሎቱ ገና አጭር የሆነ ወጣት ወታደር እናስብ። ቤተሰቡ የሚኖረው በ6,000 ብር ነው። ቀላል ሥራ ላይ ሲመደብ 4,000 ብር ይቀረዋል። በቦርድ ቢሰናበት ግን የ4,000 ብር 47 በመቶ፣ ማለትም 1,880 ብር ይሆናል። ይህ ቤተሰቡ ይኖርበት ከነበረው ገቢ ሲሦ እንኳ አይሞላም።

የሚገርመው ሕጉ ራሱ ወታደር እንደ ማንኛውም ሠራተኛ አለመሆኑን ማወቁ ነው። በ2003ቱ አዋጅ ሠራተኛው ሲቪልም ሆነ ወታደር 7 በመቶ ሲያዋጣ፣ መንግሥት ግን ለሲቪሉ 11 በመቶ፣ ለወታደሩና ለፖሊሱ 25 በመቶ እንዲከፍል ተደንግጓል። መርሑ ታምኖበታል ማለት ነው፤ የጎደለው የቆሰለው ሰው ስሌት ነው።

የሚነሣው ተቃውሞ

በሌላ በኩል ያለውን ሐሳብ ሳንሰማ ብናልፍ ፍትሐዊ አንሆንም። አበሉ ለአደጋ የሚከፈል ነው፤ አሁን በአደጋ ውስጥ የሌለ ሰው ቢወስድ ምሽግ ውስጥ ያለውን ጓደኛውን መበደል አይሆንምን? ደግሞስ የታመመ ሁሉ የሚወስድ ከሆነ ከግንባር ለመራቅ የሚያመካኝ አይበዛምን? ሁለቱም ጥያቄዎች ሚዛን ያላቸው ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ምሽግ ውስጥ ያለው ወታደር አበል የሚወስደው ሊደርስበት ለሚችለው አደጋ ነው። በቆሰለው ላይ ግን አደጋው ደርሷል። ለአደጋው ሥጋት ከፍለን አደጋው በደረሰ ቀን ክፍያውን ብናቆም፣ ውለታውን በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነጠቅነው ማለት ነው።

የዳዊት ፍርድ

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በ1ኛ ሳሙኤል 30 ላይ ዳዊት ጺቅላግን ያቃጠሉትን አማሌቃውያን ሲያሳድድ 600 ሰዎች ተከትለውት ነበር። ከእነርሱ 200ዎቹ ደክመው የቦሦርን ወንዝ መሻገር አቃታቸውና ከዕቃው ጋር ቀሩ። 400ው አሸንፈው ሲመለሱ፣ አንዳንዶቹ ከምርኮው ምንም አይካፈሉ፣ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ብቻ ይዘው ይሂዱ አሉ። ክርክሩ በወታደር ዓይን ምክንያታዊ ይመስላል። ዳዊት ግን የተዋጋውና ዕቃ የጠበቀው እኩል ይካፈሉ ብሎ ፈረደ። ያም ፍርድ ለእስራኤል ሥርዓት ሆኖ ጸና (ቁ. 21-25)።

ልብ እንበል፤ እነዚያ 200 ሰዎች አልቆሰሉም፣ የደከሙ ብቻ ነበሩ። ለደከመው እኩል ከተፈረደለት፣ እግሩን ለሰጠው ምን ሊፈረድለት ነው? ዳዊት የተመለከተው በመጨረሻው ሰዓት ማን የት ቆሞ እንደነበረ ሳይሆን ሁሉም በአንድ ጉዞ መውጣታቸውን ነው። ድሉም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ስላለ፣ ማንም የግሉ አድርጎ ሊይዘው አልቻለም።

ሊደረግ የሚቻለው

ሌሎች አገሮችም ይህንኑ ችግር አይተው መፍትሔ ፈልገዋል። ለምሳሌ አሜሪካ በ2008 እ.ኤ.አ. በጦር ቀጠና ቆስለው ሆስፒታል የገቡ ወታደሮች ይከፈላቸው የነበረው ልዩ ክፍያና አበል እስከ አንድ ዓመት ድረስ እንዲቀጥል ወስናለች። ለዘላለም አይደለም፤ የመሸጋገሪያ ጊዜ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ሦስት ነገር ማሰብ ይቻላል። አንደኛ፣ በግዳጅ ምክንያት የተጎዳ ወታደር ሕክምናው አብቅቶ ቦርዱ እስኪወስን ድረስ አበሉ በተወሰነ የጊዜ ገደብ ቢቀጥል። ሁለተኛ፣ ቀላል ሥራ ላይ ሲመደብ አበሉ በአንድ ቀን ከሚቆረጥ ደረጃ በደረጃ ቢቀንስ። ሦስተኛ፣ የጉዳት ጡረታው ሲሰላ ከጉዳቱ በፊት ይከፈል የነበረው አበል አማካይ ቢታሰብ። የጡረታ ፈንዱ መዋጮ የተሰበሰበው ከደመወዝ ብቻ ስለሆነ፣ ጭማሪው ከሌሎች ጡረተኞች ገንዘብ ሳይሆን ከመንግሥት በጀት ሊመጣ ይገባል። ለማመካኛ በር እንዳይከፈት ደግሞ ጉዳቱ ከግዳጁ የመጣ መሆኑ በቦርዱ መረጋገጥ አለበት። ሆኖም ቦርዱ የተቆረጠውን እግር እንደሚያይ ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ የነሣውንም ቁስል ማየት መቻል ይኖርበታል።

ለምን አሁን?

አገራችን ይህን ፈተና በተደጋጋሚ አይታዋለች። በ1983 ዓ.ም. ከ450 ሺህ የሚበልጥ የቀድሞው ሠራዊት አባል ሲበተን፣ ለእርሱና ለጦር ጉዳተኞች የመልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ መለዮ ለብሰው በየመንገዱ የለመኑትን አንረሳቸውም። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ስምምነት ሲዘጋም ሌላ የጉዳተኛ ትውልድ ተተካ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቆመ በኋላ፣ የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን በልዩ ልዩ ክልሎች ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን የመበተንና መልሶ የማቋቋም ሥራ ተሰጥቶት በኅዳር 2017 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ጀምሯል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ደመወዝም ሆነ የጡረታ መለያ ኖሯቸው የማያውቁ ናቸው። የተሰለፉበት ወገን የተለያየ ቢሆንም፣ የተቆረጠ እግር ሕመሙ አንድ ነው።

እኛስ?

መንግሥትን ከመጠየቃችን በፊት ቤታችንንም እንይ። ታሞ አልጋ የያዘ ወንጌላዊ የጉዞ አበሉ ወዲያው የሚቋረጥባት፣ ቀጥሎም ስሙ ከጸሎት ዝርዝር ላይ ብቻ የሚቀርባት ቤተ ክርስቲያን ስለ ወታደሩ አበል ለመናገር አፏ ይከብዳል።

ለወታደሩም ልናደርግ የምንችለው አለ። የቦርድ ማስረጃውንና የአገልግሎት ወረቀቱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ወንድም አብሮት ይሂድ። ድርጅት ያላችሁ ወገኖች ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ስጡት። ዳዊት ሁለት እግሩ ሽባ ለነበረው ለሜምፊቦስቴ ያደረገውን አስቡ (2ሳሙ. 9)፦ ምጽዋት አልሰጠውም፤ የሳኦልን መሬት መለሰለት፣ በማዕዱም አስቀመጠው። መሬቱ መብቱ ነበረ፤ ማዕዱ ደግሞ ክብሩ። መብቱን ሕግ ያስከብርለት፤ ማዕዱ ግን በእኛ እጅ ነው።

እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላምን፣ ለቆሰሉትም ፍትሕን ያብዛ።