«ፊቱ አልመጣልኝ አለ» ለምትሉ

የዛሬው ርዕሳችን ከራሽንና ከወረፋ ወጣ ያለ ነው። ሆኖም ስንቱን ሰው በሆዱ ይዞ የሚያስጨንቀው ጉዳይ ነው።

እስቲ አንድ ነገር እንሞክር። ዓይናችሁን ጨፍኑና አገር ቤት የቀረውን የእናታችሁን ጀበና አስቡ። አንዳንዱ ጀበናውን ከነተሸረፈው አፉ ቁልጭ አድርጎ ያየዋል። ሌላው ብዥ ያለ ነገር ይታየዋል። ጥቂቱ ደግሞ ጨለማ እንጂ ምንም አያይም። ይሄኛው ሰው ጀበናውን ረስቶት አይደለም፤ «ጥቁር ነው፣ አንገቱ ረጅም ነው» ብሎ በደንብ ይነግራችኋል። ያውቀዋል፣ ግን አይታየውም። «በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት» ሲባል ለንግግር ማሳመሪያ የሚባል ነው የሚመስለው። ሌላው ሰው የምሩን እንደሚያይ ብዙዎቹ የሚያውቁት ካደጉ በኋላ ነው።

ነገሩ ዛሬ የተገኘ አይደለም። ፍራንሲስ ጋልተን የተባሉ እንግሊዛዊ በ1880 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) «የዛሬ ጠዋት የቁርስ ገበታችሁ ይታያችኋል ወይ?» እያሉ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ምንም አይታየንም ካሉት መካከል የሳይንስ ሊቃውንት ይገኙበታል። ስሙ የወጣለት ግን በ2015 ነው። በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር አዳም ዜማን 21 ሰዎችን አጥንተው «አፋንታሲያ» አሉት። ከዚያ ወዲህ በወጡ ጥናቶች መሠረት ፈጽሞ የማይታየው ሰው ከመቶ አንድ ገደማ ነው፤ በጣም ደብዝዞ የሚታያቸው ሲጨመሩ ከመቶ ወደ አራት ይጠጋል። በሽታ አይደለም፣ አብሮ የሚወለድ ነው። እንዲያውም ብዙዎቹ በሕልማቸው ምስል ያያሉ። ድሮ እየታየው ድንገት የጠፋበት ሰው ግን ለሐኪም ቢነግር ይሻላል።

ታዲያ ይሄ ለእኛ ለስደተኞች ምናችን ነው? ትልቅ ነገር ነው እንጂ! አብዛኞቻችን ፎቶ እንኳ ሳንይዝ ነው የወጣነው። «የአባቴ ፊት አልመጣልኝ አለ፤ ረሳሁት ማለት ነው? አልወደውም ነበር ማለት ነው?» ብሎ ራሱን የሚከስ ልጅም አዋቂም አለ። እርግጥ ነው፣ ጊዜ ሲረዝም የማንኛውም ሰው ትዝታ ይደበዝዛል። ግን ድሮም በሐሳቡ ምስል የማያይ ሰው አለ። የዚህ ሰው ፍቅር ከሌላው አላነሰም። አባቱን የሚያስታውሰው በሥራው፣ በአባባሉ፣ በተናገረው ቃል ነው። ይሄ ራሱ ማስታወስ አይደለም እንዴ?

«እንዲህ ያለ ሰው ሥዕል መሣልማ አይችልም» የሚል ይኖራል። እዚህ ካምፓላ ናካሴሮ ኮረብታ ላይ ኖሞ የሚባል፣ በ1964 የተቋቋመ የሥዕል ማሳያ አለ። ከእንዲህ ያለ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው፣ ሠዓሊው በጭንቅላቱ ያየውን በሸራ ላይ የገለበጠ ይመስለዋል። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። «ትንሿ ሜርሜድ» በተባለው የ1989 የካርቱን ፊልም ላይ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የሣሉት ግሌን ኪን በሐሳባቸው ምስል አያዩም። መጀመሪያ ወረቀቱን ይሞነጭራሉ፤ ከሙንጭርጭሩ ውስጥ መልኩን እየፈለጉ ያወጡታል። ፒክሳር የተባለውን የካርቱን ፊልም ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ኤድ ካትሙልም እንደዚሁ ናቸው። የኛንም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እዩ፤ ጻድቁ ፊት ለፊት ከሁለት ዓይኑ ጋር ይሣላል፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን። ሥርዓቱን የተማረና እጁን ያለማመደ ሰው ይሠራዋል።

እኛ መምህራንና ወላጆች ግን «ዓይንህን ጨፍነህ አስብና ሣል» ማለት ይቀናናል። በማኬሬሬ የሥዕል ትምህርትን የጀመሩት ማርጋሬት ትሮዌልም ለተማሪዎቻቸው ታሪክ በቃል እየተረኩ በሐሳብ የታያቸውን ያሥሏቸው ነበር። ለብዙው ልጅ ግሩም ዘዴ ነው። ምንም ለማይታየው ግን ባዶ ወረቀት ይዞ መቀመጥ ነው፤ ከዚያ «ሰነፍ» ይባላል። ስለዚህ የሚከተለውን ብታደርጉ እላለሁ።

አንደኛ፣ ሣል ስትሉት የሚያየው ነገር ከፊቱ አስቀምጡለት። ጄሪካን ይሁን፣ የማሽላ ዛላ ይሁን፣ ማንጎ ይሁን። እያየ ይሣል። መሞነጫጨርም አትከልክሉት።

ሁለተኛ፣ የቀሩብንን ሰዎች በቃል እንጻፋቸው። አያታችን እንዴት ይስቁ ነበር? ምን ብለው ይመርቁን ነበር? ለልጆቻችን የሚተርፈው የተጻፈው ነው።

ሦስተኛ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ «ቤቱ ምን ይመስል ነበር?» ስትባሉ የምታውቁትን ብቻ ተናገሩ፤ ዝርዝር ለማብዛት ብላችሁ አትጨምሩ። «በሐሳቤ ምስል አይታየኝም፣ የማውቀው ግን ይህን ነው» ማለት ነውር የለውም። በ2021 የወጣ ጥናት ላይ ሰዎች በፎቶ ያዩትን ክፍል በትዝታ ሣሉ። በሐሳባቸው ምስል የማያዩት የሣሉት ዕቃ ቁጥሩ አነስተኛ ነበር። ቦታ ቦታውን ግን ከሌላው እኩል አስተካክለዋል፤ በፎቶው ያልነበረ ዕቃ በመጨመርም ከሌላው ያነሱ ነበሩ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ቡና ላይ ይችን የጀበና ጥያቄ ለቤተሰባችሁ አንሷት። አንዱ «ምንም አይታየኝም» ካለ አትሳቁበት፤ «ታዲያ እንዴት ነው የምታስታውሰው?» ብላችሁ ጠይቁት።