ስለ ቃልና ስለ ስፍራው

«እግዜር ይስጥህ» ማለት ምን ማለት ነው ተብሎ አንድ ተማሪ ቢጠየቅ፥ ምርቃት ነው ብሎ ይመልሳል፤ መልሱም ስሕተት የለበትም። ነገር ግን የተራበ ሰው በደጅ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ሳለ ይህን ቃል ቢሰማ፥ «የምሰጥህ የለኝምና እለፍ» እንደ ተባለ ወዲያው ይረዳል። እንጀራ የተቀበለ ሰው ለባለ ቤቱ ሲናገረው ደግሞ ምስጋና ይሆናል። ፊደሉም ድምፁም አንድ ሲሆን፥ አንድ ጊዜ ያመሰግናል፥ አንድ ጊዜም ያባርራል።

የቅኔ ተማሪ በአንድ ቃል ውስጥ ሰምና ወርቅ ሲፈልግ ያደገ ነውና ይህ ነገር አያስደንቀውም። ይሁን እንጂ ቅኔ ለመስማት የተቀመጠ ሰው ወርቅ መኖሩን አስቀድሞ ያውቃል። በገበያና በመንገድ ግን ተጠንቀቅ የሚለው ሰው የለም፤ ስለዚህ የዕለት ንግግር ከቅኔ ይልቅ ሰውን ያሳስታል።

ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ይህ ይብሳል። በጅጅጋ ገበያ ሶማሊኛና አማርኛ ኦሮምኛም በአንድ ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም ከአንድ ሰው አፍ ይሰማሉ። የአገሩ ቋንቋ ሶማሊኛ ነው፤ በሰላምታውም «ወረን» ይባላል፥ ትርጓሜውም «ወሬህን ንገረኝ» ነው። በከተማ ውስጥ ሁለት ነጋዴዎች ሲተላለፉ ይህን ቢባባሉ «ነበድ»፥ ሰላም ነው፥ ብሎ ማለፍ ይበቃል። ከብቱን እየነዳ ከሜዳ ወደ ሜዳ የሚዞር ሽማግሌ ለመንገደኛ ሲለው ግን የእውነት ጥያቄ ነው። ዝናብ የት ዘነበ? ሣሩ እንዴት ነው? የጕድጓዱ ውኃ አልደረቀምን? መንገዱስ ሰላም ነውን? የግመሎቹና የልጆቹ ሕይወት በመልሱ ላይ የተንጠለጠለ ነውና፥ ተቀምጦ በሙሉ ሊሰማ ይወዳል። ከደጋ የመጣ እንግዳ ቃሉን በሰማ ጊዜ የራሱን «ወሬ» ያስባል፤ በአማርኛም ወሬ ሐሜት ሊሆን ይችላል፥ ወሬኛ መባልም ስድብ ነው። ስለዚህ «ይህ ሰው ሐሜት ይወዳል» ብሎ በልቡ ፈርዶ ዝም ይላል። ሽማግሌውም «የዝናቡን ነገር ደበቀኝ» ብሎ አዝኖ ይሄዳል። ሁለቱም ክፉ አልተናገሩም፥ ነገር ግን ተቀያይመው ተለያዩ።

ከዚህ የሚከብድ ጉዳትም አለ። ከደጋ መጥቶ በጅጅጋ የተቀመጠ አንድ ሰው ላሙ ጠፋችበት እንበል። ጎረቤቱ አማርኛን በገበያ የለመደ ሶማሌ ነው፤ ላሚቱንም ከካራማራ ኮረብታ ግርጌ አይቷታል። ነገር ግን ቀኑ መሽቷልና «ቆይ፥ ነገ አሳይሃለሁ» አለው። አማርኛ በእናቱ ቤት የተማረ ሰው «ቆይ፥ አሳይሃለሁ» ሲባል የሚሰማው ዛቻን ነው። ባለ ላሙም አስቀድሞ ጎረቤቱን ሲጠረጥር ሰንብቶ ነበርና «ላሜን ሰርቆ ዛተብኝ» ብሎ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጠ። ሦስት ምስክሮችም ቃሉን አንድ ፊደል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መሰከሩ።

የሰፈሩ ሽማግሌ ግን ስለ ቃሉ አልጠየቀም። «ይህ ከመነገሩ በፊት ስለ ምን ትነጋገሩ ነበር?» አለ። ስለ ላሚቱ ነበር። «ሲናገር እጁ ወዴት ነበር?» ወደ ካራማራ ያመለክት ነበር። «ከዚያስ ወዲያ ምን አለህ?» ሰውዬው ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ገመድ ይዘህ በማለዳ ና አለኝ» ሲል መለሰ። ሽማግሌውም ሌላ አልጠየቀም።

እነዚያ ምስክሮች አልዋሹም፤ ሆኖም በእውነተኛ ቃል ንጹሕን ሰው ሊያሳስሩ ነበር። ሰው የሌላውን ቃል ከተነገረበት ስፍራ ነቅሎ «እንዲህ አለህ» ብሎ ሲያመጣ፥ ግማሹን ትቶ ግማሹን አምጥቷልና እንደ ሐሰተኛ ቢቈጠር አይበዛበትም። በሕዝብ ፊት ባልንጀራውን አዋርዶ ኋላ «እንዲህ ማለቴ አልነበረም» የሚል ሰውም በዚህ ነገር ሊከለል አይገባውም፤ የሽማግሌው ሦስት ጥያቄዎች ለእርሱም ቢቀርቡለት ስፍራው ራሱ ይመሰክርበታልና።

በአፍ የተነገረ ቃል ምስክር ይጠየቅበታል፤ ወረቀት ግን እጅም ፊትም የለውም። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በኢጣልያ መካከል በወሎ ውጫሌ የተፈረመው ውል ለዚህ ይጠቀሳል። የውሉ 17ኛ ክፍል በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣልያ አማካይነት ሊጠቀሙ ይችላሉ የሚል ነበር፤ ኢጣልያ ግን በራሷ ቋንቋ የተጻፈውን እንደ ግዴታ ቈጥራ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለች። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለት ውል ነበራቸው፤ ጠቡም በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደረሰ።

የ«ውጫሌ» ስም ራሱ በጅጅጋ ሌላ ነገር ነው። ወደ ሀርጌሳ በሚወስደው መንገድ በድንበሩ ላይ ያለችውን ከተማ ሶማሌዎች ቶግ ወጃሌ ይሏታል፥ «ቶግ» በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው፤ የአማርኛ ምላስ ደግሞ ቶጎ ውጫሌ አድርጓታል። የታሪክ ትምህርቱን ትናንት የጨረሰ የደጋ ልጅ በጅጅጋ መናኸሪያ ረዳቱ «ውጫሌ! ውጫሌ!» ሲል ቢሰማ፥ አፄ ምኒልክ የተዋዋሉበትን ስፍራ ለማየት ልቡ ይነሣሣ ይሆናል። ረዳቱ ግን የሚጠይቀው ዕቃው ከላይ ይጫን እንደ ሆነ ብቻ ነው።