የዘበኛችንን እግር ማን ይመርምር?

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል ያገራችን ተረት። ሌሊቱን ሙሉ ስለ እኛ ሲጮኽ የሚያድረውን ይህን እንስሳ ግን ዝቅ ብለን እግሩን የምናይለት ስንቶቻችን ነን? በዚህ መጽሔት ስለ ትምህርትና ስለ ሀገር ዕድገት የሚጽፉ ጓደኞቼ «ስለ ውሻ እግር ደግሞ ምን ይጻፋል?» ብለው እንዳይስቁብኝ እለምናለሁ። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ የርኅራኄና የዕውቀት ጉዳይ ነው።

ባለፈው ክረምት ቡቺ የሚባለው ውሻችን የፊት እግሮቹን ሌት ተቀን ይልስ ጀመር። ነጭ የነበረው የጣቶቹ ጠጉር እንደ ዝገት ቀላ፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳም ወዛም ሆነ፤ ቀረብ ሲሉት እንደ ቈየ ሊጥ ያለ ሽታ ነበረው። አንድ ጐረቤታችን «ናፍጣ ቀባው፣ ይለቀዋል» አሉኝ። እኔም ሳልመረምር ቀባሁት። ውሻው ጮኾ አመለጠኝ፤ ምግብ ይዤ ብጠራውም እስከ ሁለት ቀን ድረስ ከአጥሩ ሥር አልወጣም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ጩኸት ነው።

በኋላ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙ በጣቶቹ መካከል ግልጽ ፕላስተር ለጥፈው አነሡና በማይክሮስኮፕ ተመለከቱት። ሕመሙ ማላሴዝያ ከሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ የመጣ ነበር። ይህ ፈንገስ በጤነኛ ውሻ ቆዳ ላይም በጥቂቱ ይኖራል። የውሻው ዓይነት በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1925 ሲሆን፣ መጀመሪያ የተገኘውም በአውራሪስ ቆዳ ላይ ነው። እናቶቻችን በቡሖው ላይ ጥቂት እርሾ ጨምረው ሙቀት ካገኘ እንዴት እንደሚነሣ ሁላችንም እናውቃለን። የውሻው እግርም እንዲሁ ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ፣ ወይም ቆዳው በአለርጂ ሲደክም፣ ጥቂት የነበረው ፈንገስ ይበዛል።

እንግዲህ በቤታችን ምን እናድርግ? ሐኪም ሕመሙን ለይቶ ከነገረን በኋላ አብዛኛው ሥራ የእኛው ነው። ሁለት በመቶ ክሎርሄክሲዲንና ሁለት በመቶ ሚኮናዞል ባለበት የውሻ ሻምፑ እግሩን በሳምንት ሁለት ጊዜ ማጠብ፤ አረፋውን ዐሥር ደቂቃ ያህል ማቈየትና እስኪታጠብ እንዳይልሰው መጠበቅ፤ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ማድረቅ ነው። በያንዳንዱ ጣት መካከል ጨርቅ አስገብቶ ካላደረቁት ለፈንገሱ እርጥበት ትቶለት መሄድ ይሆናል። ይህንም ሦስት ሳምንት ያህል ሳያቋርጡ መፈጸም ያስፈልጋል፤ ሽታው በመጥፋቱ ብቻ መተው አይገባም። እኛም የቡቺን ቤት ውሃ ከሚቋጥርበት ማዕዘን አንሥተን በድንጋይ ላይ ከፍ አደረግነው።

ናፍጣ፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይትና ሎሚ ግን መድኃኒት አይደሉም። የቈሰለ ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ውሻውም እግሩን ስለሚልስ ናፍጣውንና ዘይቱን ይውጠዋል። እንደዚሁም በአንድ እግር ብቻ ቢያነክስ እሾኽ ወግቶት ሊሆን ይችላል፤ መግል ወይም ደም ቢታይ፣ ጠጉሩም ከሌላው ገላው ቢረግፍ፣ እከክ ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በግምት ማከም አይገባም። ድኖም ደጋግሞ የሚመለስበት እንደ ሆነ ሥር የሆነው ምክንያት፣ ለምሳሌ የቁንጫ ወይም የምግብ አለርጂ፣ ይፈለግ። ውሻውም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰደ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ለእኛም ለእርሱም ይበጃል።

ስለ ገንዘብ የሚነሣው ክርክር እውነት አለበት፤ ሐኪምም ሻምፑም ያለ ገንዘብ አይገኙም። ነገር ግን ጨርቅና ንጹሕ ውሃ በብዙ ቤት ይገኛል፤ ቀድሞ የታየ ሕመምም ካደረ ሕመም ይልቅ ወጪው ያንሳል።

ለእኔ የከበደኝ ሌላው ክርክር ነው። አያቴ እግሩን ይዤ ባዩኝ ጊዜ «አንተ ልጅ፣ ከውሻ ጋራ ምን ያጣብቅሃል? እጅህን ታረክሳለህ» አሉኝ። የአያቴን ቃል አልንቅም፤ ሥራዬን ስጨርስ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፤ ልብሴንም እለውጣለሁ። ነገር ግን ማንም የማይነካው ውሻ ሕመሙን በማን ያሳይ? ቡቺ ሳምንታት ሲልስ ያላየነው ዐይን አጥተን አይደለም፤ እጃችንን ለመዘርጋት ስለ ተጸየፍን ነው። የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ በቤት ውስጥ የሚሰጥ ሕክምና የሚጀምረው ከመድኃኒቱ በፊት እግሩን በመያዝ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ዝናም ባባራ ቁጥር ወደ ውሻችሁ ዝቅ በሉ፤ ጭቃውን አጥባችሁ በጣቶቹ መካከል ተመልከቱ፤ አድርቁለትም። ቡቺ ዛሬ ድኗል፤ ሆኖም ጠርሙስ ይዤ ባየኝ ቁጥር አሁንም ይሸሻል። እግሩ ከቈሰለበት ጊዜ ይልቅ ያስፈራሁት ጊዜ ረዝሟል። ባለማወቅ ያደረግሁትን እናንተ አውቃችሁ እንዳትደግሙት አደራ እላለሁ።