«ግዛ» ብሎ ማከራየት

ቆቦ ገበያ በሬ የገዛ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለሰው ገመዱን በእጁ ይዞ ነው። ዋጋ ሲቆረጥ ሰው ይመሰክራል፤ ሻጩን የማያውቅ ገዢ «ዋስ ጥራ» ይላል፤ ብሩ ተቆጥሮ ሲያልቅ ገመዱ ከሻጭ እጅ ወደ ገዢ እጅ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ በሬው ቢያርስ፣ ቢታረድ፣ አላማጣ ተነድቶ ቢሸጥ የሻጩ ጉዳይ አይደለም። ሻጩ ከሦስት ዓመት በኋላ በሌሊት መጥቶ በረት ከፍቶ በሬውን ቢነዳው፣ ራያ ለዚህ ሰው ስም አያጣለትም፤ ስሙም «ሻጭ» አይደለም።

ይህን ያነሣሁት ስለ በሬ ልጽፍ ብዬ አይደለም። ልጆች በቴሌቪዥን ላይ ስለሚጫወቱት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። «በዚህ ሁሉ መከራ መካከል ደግሞ ስለ ጨዋታ!» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥቂት ይታገሠኝ።

የእህቴ ልጅ ቆቦ ነው የሚኖረው። ታላቅ እህቱ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ከራያ ቆላ ተነሥተው በጅቡቲ በኩል ባሕር ከተሻገሩት ብዙ ልጆች አንዷ ናት። ልጁ ሚኒስትሪ ሲያልፍ «ምን ላድርግልህ?» አለችው። ያገለገለ የጨዋታ መሣሪያ ከአዲስ አበባ ተገዛለት። እሷ ደግሞ በስሙ አካውንት ከፍታ፣ በሪያሏ አንድ የኳስና አንድ የመኪና እሽቅድድም ጨዋታ አስገባችለት። ዲስክ የለው፣ ካርቶን የለው። «ግዛ» የሚለውን ተጫነች፣ ገንዘቧ ተቆረጠ፣ ጨዋታው ቆቦ ደረሰ።

ዓመት ሳይሞላ አንድ ቀን መሣሪያውን ቢከፍት አካውንቱ ተዘግቷል። ምክንያቱም አካውንቱ የተከፈተበት አገርና ጨዋታው የሚጫወትበት አገር አንድ አይደሉም ተባለ። ጨዋታዎቹ አብረው ሄዱ። የልጅቱ ገንዘብስ? ለዚህ መልስ የሰጠ የለም። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ ጠቤ ከልማዱ ጋር ነው።

ልብ በሉ፤ የሳዑዲ አድራሻ የተሞላው ሰው ለማጭበርበር አይደለም። ቅጹ ላይ አገር ምረጡ ሲባል ኢትዮጵያ የለችም። በሩን ዘግተው በመስኮት የሚገባውን ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ሲያሻቸው ደግሞ «በመስኮት ነው የገባኸው» ብለው ያስወጣሉ።

ይህ የደረሰው በእኛ ልጅ ላይ ብቻ አይደለም። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ «ዘ ክሩ» የተሰኘውን የመኪና እሽቅድድም በኅዳር 2007 ዓ.ም. ለገበያ አወጣ። ብቻችሁን ብትጫወቱት እንኳ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ አይነሣም ነበር። መጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰርቨሩ ተዘጋ። ያም አልበቃ ብሎ ብዙም ሳይቆይ የመጫወቻ ፈቃዱ ራሱ ከገዢዎች አካውንት ይነጠቅ ጀመር። ዲስክ የገዛውም አልዳነም፤ በእጁ የነበረው ቁልፉ እንጂ ቤቱ አልነበረም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ገዢዎች ሲከሱ የኩባንያው ጠበቆች ምን ብለው ተከራከሩ? የተሸጠላችሁ ጨዋታው ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ ነው!

ቀደም ሲል በሐምሌ 2001 ዓ.ም. አማዞን በኪንድል የሸጠውን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ከአንባቢዎች እጅ ላይ አጥፍቶት ነበር። (ሰው ሆን ብሎ ቢመርጥ ከዚህ የሚስማማ መጽሐፍ አያገኝም።) መጽሐፉን ያቀረበው አካል መብቱ አልነበረውም ተባለ። አማዞን ግን ቢያንስ ገንዘቡን መለሰ፤ ኋላም ይቅርታ ጠየቀ።

«ውሉን አንብበህ ተስማምተሃል» ይሉናል። በየትኛው ቋንቋ? ስንት ገጽ? በትልልቅ ፊደል «ግዛ» ብሎ በትንንሽ ፊደል «አልሸጥንልህም» ማለት ውል ነው እንዴ? የራያ ገበሬ የባለቤትነትንና የመጠቀምን ልዩነት ከእነዚያ ጠበቆች ይልቅ ጠንቅቆ ያውቃል። መሬቱ የእሱ አይደለም፤ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40። በእጁ ያለው ደብተር የይዞታ ማረጋገጫ ነው። ነገር ግን ማንም «ሸጥንልህ» ብሎ አላታለለውም። ለልማት ተብሎ ሲነሣ እንኳ ለሠራው ቤትና ለተከለው ዛፍ ካሣ ይገባዋል። ካሣው ይበቃል አይበቃም ሌላ ክርክር ነው፤ እኔ አይበቃም ባይ ነኝ። ይኸው ገበሬ መሬቱን ሲያከራይ ደግሞ የስንት ዓመት እንደሆነ ተነጋግሮ ነው። የጨዋታው «ገዢ» የባለቤት ዋጋ ከፍሎ የተከራይን ያህል እንኳ ቀን አይቆረጥለትም። ነገሬ ሁሉ ይኸው ነው።

ሕግ የለንም እንዳይባል፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2266 ሽያጭ ማለት ሻጭ ዕቃውን ሊያስረክብ፣ ባለሀብትነቱንም ለገዢ ሊያስተላልፍ ግዴታ የሚገባበት ውል መሆኑን ይነግረናል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት እንዳለበት፣ ጉዳት ከደረሰበትም እንደሚካስ ይደነግጋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም በመረብ የሚደረግ ውል ውል መሆኑን ተቀብሏል። ታዲያ ባለቤትነትን የማያስተላልፍ ሰው «ግዛ» ብሎ እንዳይጽፍ ለመከልከል ምን ያህል ምርምር ያስፈልጋል? ካሊፎርኒያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ አድርጋለች፤ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳይናገሩ «ግዛ» ማለት እዚያ አይቻልም።

ኩባንያዎቹ አዲስ አበባ ቢሮ የላቸውም፣ ሕጋችን አይደርስባቸውም ይባል ይሆናል። እውነት አለበት። ግን «ግዛ» የሚለው ቃል በአገር ውስጥም በየስልኩ ላይ አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የወር ጥቅል ገዝቶ አንድ ሳምንት እንኳ ሳይጠቀምበት ቀኑ ቆጥሮ ያለቀበት የቆቦ ሰው አውቃለሁ። መረቡ ቆሞ ቀኑ ይሄዳል። ለዚህ ሰው የተሸጠለት ምን ነበር?

«ሰርቨር ለዘላለም ሊነድ ነው ወይ?» የሚሉም አሉ። ማን ለዘላለም አለ? በ2017 ዓ.ም. ከ1 ሚሊዮን በላይ አውሮፓውያን ፈርመው የጠየቁት ሌላ ነው፦ ስትዘጉ ጨዋታውን በሚሠራበት ሁኔታ ትታችሁ ሂዱ ነው ያሉት። ይቻላል ወይ? ዩቢሶፍት ራሱ ጩኸቱ ሲበረታበት ለዚያው እሽቅድድም ተከታዮች ያለ መረብ የሚሠሩበትን መንገድ እንደሚያበጅ ቃል ገብቷል። ያ ካልሆነ ደግሞ ገንዘቡ ይመለስ። ያም ካልሆነ ከመነሻው «ኪራይ» ተብሎ ይጻፍና ቀኑ ይቆረጥ፤ ተከራይ መሆን ነውር የለበትም።

ዲስክም ቢሆን ይጠፋል የሚለኝ ይኖራል። እንዴታ! በ2013 ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ከገባ ወዲህ ስንቱ ቤት እንደተዘረፈ ለቆቦ ሰው የሚነግረው አያስፈልገውም። ግን የተዘረፈ ሰው ተዘረፍሁ ይላል፤ ሰሚም አዎ ተዘርፈሃል ይለዋል። የእህቴ ልጅ ምን ይበል? «የአገልግሎት ውሌ ተቋረጠ»?

አሁን መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ጌም ቤት ነው የሚሄደው። እዚያ ያለው የኳስ ጨዋታ አሮጌ ነው፤ ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ጫማ ሰቅለዋል። ዲስኩ ተጭሯል። ባለቤቱ በሸሚዙ ጫፍ ጠረግ አድርጎ ሲመልሰው ይሠራል። እህቱ ከጅዳ በደወለች ቁጥር «ያ የላክሁልህን ትጫወታለህ?» ትለዋለች። «አዎ» ይላታል።